ከግራሶ በፊት መጥረጊያ፦ የድሬዳዋ የመኪና በሮች አያያዝ

ድሬዳዋ ውስጥ መኪና የሚያድረው በአብዛኛው ጣሪያ ባለው ጋራዥ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ የጋራዥ በር ስንል በተግባር የምናወራው ስለ ሦስት ነገር ነው፤ ከዚራ አካባቢ ባሉት የድሮ ግቢዎች ስለምናየው ባለ ሁለት ክንፍ የብረት በር፣ ሳቢያን ላይ አዳዲሶቹ ቤቶች ስለሚያዘወትሩት በሀዲድ ላይ ተንሸራታች በር፣ እና መጋላ ውስጥ ሱቁም መጋዘኑም ስለሚዘጋበት ወደ ላይ ተጠቅልሎ የሚከፈት ሻተር። ሦስቱም የሚበላሹበት ምክንያት እዚህ ከተማ ላይ ተመሳሳይ ነው። አሸዋው ይፈጫቸዋል፣ ፀሐዩ ያደርቃቸዋል፣ ሰው ደግሞ በማይገባ ቦታ ዘይት ያፈስባቸዋል።

ከጥገናው በፊት ክብደቱን እናስላ። ላሜራ በየአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረቱ በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.20 የሆነ በር በ1.5 ሚሊ ላሜራ ቢሸፈን ላሜራው ብቻ 104 ኪሎ ገደማ ነው። ፍሬሙ ባለ 2 ሚሊ 40 በ60 ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን ክፍት ብረት) ከሆነ በሜትር 3 ኪሎ አይሞላም፤ ዙሪያውና የመሃል ድጋፉ 20 ሜትር ቢፈጅ ሌላ 60 ኪሎ ይጨምራል። ቁልፉን፣ ጌጡንና ቀለሙን ሳንቆጥር 165 ኪሎ ደረስን ማለት ነው። ይህን ሁሉ በየቀኑ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ እየገፋ ይከፍተዋል። በሀዲዱ ላይ የሚሄደው ጎማ በደንብ ስለሚዞር ቀላል ይመስላል እንጂ፣ ሲወድቅ የሚወድቀው ያው 165 ኪሎ ነው።

ተንሸራታች በር ሰው የሚገድለው ሲወድቅ ነው። የሚወድቅባቸው መንገዶች ደግሞ ጥቂት ናቸው፤ ወይ ማቆሚያው የለም፣ ወይ የላይኛው መሪ ሮለር አልቋል። ከሁሉም በፊት እነዚህን ሁለቱን እዩ።

ማቆሚያው ሀዲዱ ጫፍ ላይ በሩን የሚገታው ብረት ነው። በመክፈቻውም በመዝጊያውም በኩል ሊኖር ይገባል። በሩን ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው ክፈቱና ምን እንዳስቆመው ተመልከቱ። ያስቆመው አጥሩ ከሆነ ወይም ሞተሩ ከሆነ ማቆሚያ የላችሁም። ትንሽ ፌሮ ሀዲዱ ላይ በአንድ ነጥብ ተበይዳ ከሆነም እንደሌለ ቁጠሩት፤ በሩ በሩጫ መጥቶ ሲመታት ብየዳዋ ይለቃል። ደህና ማቆሚያ ቢያንስ ውፍረቱ 8 ሚሊ ከሆነ ብረት ይሠራል፣ ኮንክሪቱ ውስጥ በ12 ቁጥር ቡሎን ይታሰራል፣ የሚመታውም ጎማውን ሳይሆን ፍሬሙን ነው። ጎማውን የሚመታ ማቆሚያ በሩን ያዘልለዋል፤ በሩ ከሀዲዱ የሚወጣውም ያኔ ነው።

የላይኛው መሪ ሮለር ኮለኑ (የበሩ ምሰሶ) ላይ ተሰቅሎ የበሩን ጫፍ ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ነጭ ወይም ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ድሬዳዋ ላይ ይህ ፕላስቲክ ከማለቁ በፊት ይሰነጠቃል፤ ፀሐይ ታደርቀውና መሃሉ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ያወጣል፣ ከዚያ አንድ ቀን ለሁለት ይከፈላል። መሰላል ላይ ወጥታችሁ በጥፍር ፈትሹት። ሮለሩና ቱቦላሬው መካከል በእያንዳንዱ ጎን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ክፍተት ይበቃል። በሩን ከጫፉ በኩል ቆማችሁ የላይኛውን ጠርዝ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቁት፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከተወዛወዘ ሮለሩ ይቀየር ወይም ይጠጋ። ፊት ለፊት ወይም ከኋላ ቆማችሁ አትነቅንቁ። የበሩ መውደቂያ እዚያ ነው፤ ጫፉ ላይ የቆመ ሰው ግን አይነካም።

በሩ አንዴ ከሀዲዱ ከወጣ ሁለት ጎረቤት ጠርቶ መሸከም የተለመደ ነው። መጥፎ ልማድ ነው። መጀመሪያ ልጆቹን ከአካባቢው አርቁ። ከዚያ በሩን በሁለቱም በኩል በአጣና ደግፉት፣ የላይኛውን ጫፍ በገመድ ከኮለኑ ጋር እሰሩት፣ ቀጥሎ በመኪና ክሪክ ከጎማው አጠገብ በትንሽ በትንሹ አንሡት። እጅ ከበሩ ሥር አይገባም፤ ጎማውን ወደ ሀዲዱ የምትመልሱት በዲጅኖ ጫፍ ነው።

አሁን ወደ አሸዋው እንምጣ። ሀዲዱን በግራሶ የሚቀባ ሰው ብዙ ነው፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያፈስበትም አለ። በማግስቱ በሩ ለስላሳ ስለሚሆን የተሳካ ይመስላል። በሳምንቱ ግን ከመንገዱ የተነሣው አሸዋ ግራሶው ላይ ተጣብቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፤ ጎማውንም ሀዲዱንም እኩል ይበላል። ሀዲድ ደረቅና ንጹሕ መሆን አለበት፤ ሌላ ምንም አይፈልግም። በሳምንት ሁለት ጊዜ በመጥረጊያ መጥረግ፣ በወር አንዴ ጥጉን በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ይበቃዋል። ግራሶ የሚገባው ጎማውን በሚያዞረው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ውስጥ ነው። እሱም የተዘጋ ኩሽኔታ ከሆነ ከፋብሪካው ግራሶ ይዞ ስለሚመጣ ከውጭ የሚቀባው ምንም አይጠቅመውም።

ኩሽኔታ ስትገዙ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 6203 ከሆነ ውስጡ 17፣ ውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ነው፤ 6204 ደግሞ 20፣ 47 እና 14። ባለሱቁ ያው ነው ብሎ አንዱን በሌላው ሊተካላችሁ ቢል አትቀበሉ፤ የሰፋ ቀዳዳ ውስጥ በሮንዴላ ተደግፎ የገባ ኩሽኔታ ክረምቱን አይሻገርም። ጎኑ በጎማ የተሸፈነውንም ምረጡ። በቆርቆሮ የተሸፈነው ርካሽ ነው፣ ግን ጠርዙ ላይ ባለው ክፍተት አቧራው ይገባል፤ ለአዲስ አበባ ይበቃ ይሆናል፣ ለድሬ አይሆንም።

ጎማው መለወጥ ይኑርበት አይኑርበት ለማወቅ ግምት አያስፈልግም። ገበያ ላይ ሥጋና ጫት የሚመዘንበትን ተንጠልጣይ ሚዛን በሩ እጀታ ላይ አንጠልጥሉና ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። 165 ኪሎ የሆነ በር ንጹሕ ሀዲድና ጤነኛ ኩሽኔታ ካለው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ሚዛኑ ላይ 4 ወይም 5 ኪሎ ያሳያል። 10 ካለፈ ሀዲዱን ጠርጋችሁ ድገሙት። ከጠረጋችሁም በኋላ ያው ከሆነ ጥፋቱ ጎማው ላይ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቁጥሩ ከዘለለ ደግሞ ሀዲዱ እዚያ ጋ ጎብጧል፤ ብዙ ጊዜ የሲሚንቶ ወይም የብሎኬት መኪና የገባበት ቦታ ነው።

ከደቻቱ ወንዝ ብዙ የማይርቁ ግቢዎች ሌላ ሥራ አለባቸው። የ1998ቱን ጎርፍ የሚረሳ የለም። ያን ያህል ባይሆንም፣ በበልግና በክረምት ከተራራው በኩል የሚወርደው ደራሽ ውሃ ደለል ተሸክሞ ይመጣል፤ ሀዲድ ውስጥ የገባ ደለል ሲደርቅ ሲሚንቶ ይሆናል። እርጥብ ሳለ ጥረጉት። ደርቆ ካገኛችሁት በሩን በኃይል አትግፉ፤ ውሃ አርከፍክፉበትና ሲለሰልስ አውጡት። ሀዲዱ የተቀበረበት ጉድጓድ ወደ መንገዱ በኩል በየሜትሩ የውሃ መውጫ ቢኖረው ግማሹ ችግር አይመጣም ነበር፤ ግንበኞች ግን ይህን ማድረግ አይወዱም።

ባለ ሁለት ክንፉ በር ሌላ ጠባይ አለው። ክብደቱ ሁሉ ማጠፊያው ላይ ነው፣ ማጠፊያዎቹም እኩል አይሠሩም። ወርዱ 2 ሜትር፣ ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ አንድ ክንፍ ውሰዱ። የበሩ ክብደት መሃል ከማጠፊያው 1 ሜትር ይርቃል፤ ማጠፊያዎቹ በ1.60 ሜትር ከተራራቁ የላይኛው ማጠፊያ በ50 ኪሎ ኃይል ወደ ጎን ይጎተታል፣ የታችኛው በዚያው ኃይል ወደ ኮለኑ ይገፋል። ኮለኑን እያሰነጠቀ የሚወጣው ሁልጊዜ የላይኛው የሆነውም በዚህ ነው። ልጅ በሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጫወት ደግሞ ክብደቱ የሚያርፈው 2 ሜትር ርቆ ስለሆነ፣ 25 ኪሎ የሆነ ልጅ ከ30 ኪሎ በላይ ይጨምርበታል። ልጆቻችሁን ከበር ላይ አውርዱ የምንለው ለልጁም ለኮለኑም ብለን ነው።

የኮለኑን ነገር ካነሣን፣ ማጠፊያው የተበየደበት ብረት ኮለኑ ውስጥ ካለው ፌሮ ጋር መያያዝ አለበት። በብሎኬት የተገነባ ኮለን ላይ በስሚንቶ ብቻ የተለጠፈ ብረት ምንም ቢደረግ ይነቀላል። ልስኑ ላይ በማጠፊያው ዙሪያ ስንጥቅ ካያችሁ ዳር ዳሩን በእርሳስ አስምሩና ቀን ጻፉበት። በወሩ መስመሩን ካለፈ በያጅ ከመጥራታችሁ በፊት ግንበኛ ጥሩ።

በሩ ወርዶ መቀርቀሪያው ቀዳዳውን ሲስት ብዙ ሰው የሚያደርገው ቀዳዳውን ማስፋት ነው። በዓመቱ ደግሞ እንደገና ያሰፋዋል። ከዚያ ይልቅ ሜትር አውጡና ክንፉን ከጥግ ጥግ ሁለቱንም አቅጣጫ ለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ፍሬሙ ደህና ነው፣ የላላው ማጠፊያው ነው፤ ክንፉን በክሪክ አንሥታችሁ የታችኛው ማጠፊያ ፒን ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሮንዴላ መጨመር ይበቃል። ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ካለፈ ግን ፍሬሙ ራሱ ተጣሟል፤ ማጠፊያ ብትቀይሩም አይመለስም። ክንፉ ይወርድና ተስተካክሎ፣ በማጠፊያው በኩል ካለው የታችኛው ጥግ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ነጻ ጥግ የሚሄድ ሰያፍ ቱቦላሬ ይበየድበት። አቅጣጫው ይህ ከሆነ ሰያፉ የበሩን ጫፍ ከሥር ይደግፋል። በሌላው አቅጣጫ ከሆነ ጫፉን የሚይዘው በመጎተት ብቻ ስለሆነ፣ ቀጭን ብየዳ ካለው ቶሎ ይለቃል።

ለማጠፊያው በዓመት ሁለት ጊዜ ግራሶ በቂ ነው፤ አንዱ የካቲት ላይ ከበልጉ በፊት፣ ሌላው ጥቅምት ላይ ክረምቱ ካለቀ በኋላ። ክንፉን 5 ሚሊ ያህል በክሪክ አንሡ፣ ፒኑን በናፍጣ እጠቡ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ከዚያ በጣት ጫፍ የሚያዝ ግራሶ ቀቡ። የድሮውን ሳያጠቡ አዲስ መቀባት ጥቁሩን አሸዋ ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ሌባ እንዳያነሣው ተብሎ ማጠፊያው የተበየደ ከሆነ ክንፉ አይነሣም። እንዲህ ሲሆን በያጁ 6 ሚሊ ቀዳዳ በስቶ የግራሶ መወጊያ ጡት ይግጠምበት፤ ንጹሕ ግራሶ ከጎን እስኪወጣ ድረስ ይወጋል።

ፀሐይም የራሷ ሒሳብ አላት። ብረት በየሜትሩ፣ በየዲግሪው 0.012 ሚሊ ይረዝማል። 4 ሜትር በር ከንጋት ቅዝቃዜው 30 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 1.5 ሚሊ ያድጋል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ክንፎች መሃል 2 ሚሊ ብቻ ትታችሁ ካስገጠማችሁ፣ ቀለሙና አቧራው ሲጨመርበት፣ ግንቦት ላይ ሰባት ሰዓት ቀን በሩ ይነክሳል። ጠዋት ሲከፈት ደህና የሆነ፣ ቀትር ላይ አልከፈት የሚል በር ካላችሁ ቁልፉን አትውቀሱ። በክንፎቹ መካከል ከ6 እስከ 8 ሚሊ ተዉ። በማጠፊያው በኩል ያለው ክፍተት ግን የጣት ጉዳይ ነው፤ ከ8 እስከ 25 ሚሊ ያለው የልጅ ጣት አስገብቶ የሚቆርጥ ልክ ነው። ወይ ከ8 በታች፣ ወይ ከ25 በላይ ይሁን፤ ካልሆነ የጎማ ምንጣፍ ቆርጣችሁ በውስጥ በኩል ሸፍኑት።

ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነሣውን ነፋስ የድሬ ሰው ያውቀዋል። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 4.4 ካሬ የሆነን ክንፍ በ50 ኪሎ ገደማ ኃይል ይገፋዋል። ክፍት የሆነ ክንፍ ያኔ የባጃጅ መስታወትም የሰው ጉልበትም አይምርም። ስለዚህ በሩ ሲከፈት የሚያዝበት መንጠቆ ወይም መሬት የሚገባ ቋሚ ዘንግ በሁለቱም ክንፍ ላይ ይኑር። ድንጋይ መደገፍ መፍትሔ አይደለም፤ የሚረሳ ነገር ነው፣ ማታ የሚያደናቅፈውም እሱ ነው።

ስለ ሻተር ብዙ አንልም፣ ምክንያቱም ባለቤቱ በራሱ መሥራት ያለበት ጥቂት ነው። ላይ ያለው ጥቅልል ውስጥ የተጠመዘዘ ሞላ አለ፤ የበሩን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። ያንን ሞላ ያለ ባለሙያ መፍታት እጅ ያስቆርጣል፣ ከዚያም የባሰ ያመጣል። የእናንተ ሥራ ሞላው መድከሙን ማወቅ ነው። በሩን ወገብ ላይ አቁማችሁ ልቀቁት፤ ባለበት መቆም ወይም በጣም በዝግታ መንሸራተት አለበት። ቁልቁል ከወረደ ሞላው ደክሟል፤ ሽቅብ ከፈነጠረ ከልክ በላይ ተጠምዝዟል። ሁለቱም የባለሙያ ናቸው። በጎን ያሉትን መሄጃዎች በደረቅ ብሩሽ አጽዱና የሻማ ቁራጭ ከላይ እስከ ታች እሹበት። ሻማ አቧራ አይስብም። የበዛው የሻተር ጉዳት ደግሞ የሚመጣው አንዱ ጎን ሳይከፈት በጉልበት ከማንሣት ነው፤ ሁለቱም ጓጉንቸር መውለቁን አይታችሁ አንሡ።

ኤሌክትሪክ ያለበት በር ላይ ቀልድ የለም። በር ላይ መብራት፣ ደወል ወይም ሞተር ካለ ሽቦው በቱቦላሬው ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጠርዙ ስለት ነው። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሽቦውን ልብስ እየቆረጠ ሄዶ አንድ ቀን በሩ ሁሉ 220 ቮልት ይሆናል። ዝናብ ሲዘንብ ወይም ግቢው ውሃ ሲጠጣ በባዶ እግሩ በሩን የነካ ሰው ይያዛል። ቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበት ይግባ፣ ሽቦው በኮንዲዊት ውስጥ ይለፍ፣ በሩና ሞተሩ ከመሬት ሽቦ ጋር ይገናኙ፣ መስመሩም ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሆነ የሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ) ይኑር። ብሬከሩ ላይ ያለችውን መፈተኛ ቁልፍ በወር አንዴ ተጫኑ፤ ካልዘለለ አይሠራም ማለት ነው። እጃችሁን በሩ ላይ ስታደርጉ ቀለል ያለ መንዘር ከተሰማችሁ፣ ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ብሬከሩን አውርዱና ኤሌክትሪሻን ጥሩ።

ሞተር ያለው ሰው ሁለት ነገር ይፈትን። አንደኛ፣ በሩ እየተዘጋ ሳለ በፎቶሴሉ (መንገዱ ላይ ሰው መኖሩን በብርሃን ጨረር በሚያየው ዕቃ) መሃል እንጨት አሳልፉ፤ በሩ ወዲያው መቆም ወይም መመለስ አለበት። ካልቆመ መጀመሪያ የፎቶሴሉን መስታወት በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ በእኛ ከተማ ከአሥር ስምንቱ አቧራ ነው ብንል አናጋንንም። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ በሩን በእጅ የሚለቀው ቁልፍ የት እንዳለ የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቅ፤ ሠራተኛዋም ዘበኛውም ጭምር። በእጅ ከመግፋታችሁ በፊት የሞተሩን ብሬከር አውርዱ፤ መብራቱ በመሃል ሲመጣ ሞተሩ ተነሥቶ በሩን ከእጃችሁ እንዳይነጥቅ። ሞተር የከበደውን በር ይጎትታል እንጂ አያድነውም። የሚዛኑን ፈተና ያላለፈ በር ላይ ሞተር ማስገጠም ሞተሩን መግደል ነው።

ዝገት የሚጀምረው ከታች ካለው አሥር ሳንቲ ሜትር ነው። ላሜራው የታጠፈበት ኪስ ውስጥ ውሃ ይቀራል፣ በዚያ ላይ ጥላ ፈልገው የሚተኙት ፍየሎች ሽንት አለ። በሩን በቧንቧ ውሃ ማጠብም አያግዝም፤ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት እዚህም ይተዋል። በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉና አድርቁት።

ቀለም ስትቀቡ መጀመሪያ የታችኛው ቱቦላሬ ሆድ ላይ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ 6 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ፣ የተጠራቀመው ውሃ ይውጣ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቁ፣ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ120 እሹ፣ በቲነር ጥረጉ። ስቱኮ ዝገት ላይ አይለጠፍም፤ ዝገቱ ከሥሩ መብላቱን ይቀጥላል። አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ። አንድ ሊትር አንድ ጊዜ ሲቀባ ከ8 እስከ 10 ካሬ ይሸፍናል፤ 4 በ2.20 የሆነው በር ሁለቱ ፊቱ 17.6 ካሬ ስለሆነ ለአንድ ዙር 2 ሊትር፣ በጠቅላላው 4 ሊትር አንቲረስትና 4 ሊትር ቀለም ግዙ። ሥራው ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ያልቅ። ከዚያ በኋላ ላሜራው ስለሚግል ቀለሙ ላይ ላዩን ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ በሁለተኛው ቀንም ያኮፋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ አቧራውን ያመጣና እርጥቡ ቀለም ላይ ያለጥፈዋል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ዙር ለማግስቱ ጠዋት ይደር።